እባብን ማብላት

የአርዌን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ ያገሬ ልጅ ጥቂት ነው። ከነገሥታት ሁሉ አስቀድሞ ምድሪቱን አራት መቶ ዓመት ገዛ የሚባለው ያ ዘንዶ፣ ግብሩ ከብትና ልጃገረድ ነበረ። በመጨረሻ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል ሰጥቶ ገደለው፤ ሕዝቡም አንጋቦን አነገሠ፤ ንግሥተ ሳባም የእርሱ ልጅ ናት ይባላል። ይህን ታሪክ በተርታ ከሚተርኩት ባህላዊ ሥዕሎች ፊት ልጅ ሆኜ ስቆም፣ ዓይኔ የሚያርፈው በጀግናው ላይ ሳይሆን በፍየሏ ላይ ነበር። እንግዲህ በዚህ ትውፊት ላደገ ሰው እባብን ማብላት ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ግብር ነው፣ ወይ ተንኮል።

ሦስተኛ ዓይነት ማብላት መኖሩን ያሳየኝ እዚህ ሜሪላንድ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። ዕድሜው አሥራ አራት ነው። ባለፈው ዓመት ብዙ ለምኖ ተፈቀደለትና፣ ከእርሳስ እምብዛም የማትወፍር ግልገል እባብ፣ ኮርን ስኔክ የሚሏትን፣ በመስተዋት ሣጥን ማሳደግ ጀመረ። መርዝ የላትም። ስሟን ያገኘችው በበቆሎ ጎተራ አይጥ ስለምታድን ነው የሚሉ አሉ፤ የሆዷ ዝንጉርጉር የበቆሎ ፍሬ ስለሚመስል ነው የሚሉም አሉ። እናቴ በሣጥኑ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ታማትባለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

አንድ ቀን ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ልትሞትብኝ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልበላችም» አለኝ። በረዶ ቤት የቆየ የአይጥ ግልገል እምቢ ስላለች፣ ሕያው አይጥ ገዝቶ ሌሊቱን ከእርሷ ጋር ሊያሳድር አስቧል። እኔ ስለ እባብ የማውቀው ከታሪክ መጻሕፍት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ታሪኮች ወዲያው ትዝ አሉኝ።

አንደኛው የአቴናው ነው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የአክሮፖሊስን መቅደስ አንድ ታላቅ እባብ ይጠብቀዋል ብለው ያምኑ ነበር፤ በየወሩም የማር እንጎቻ ያቀርቡለት ነበር። እንጎቻው ሁልጊዜ ይበላል። በ480 ዓመተ ዓለም የፋርስ ሠራዊት ሲቃረብ ግን ሳይነካ ተገኘ፤ የመቅደሱም ካህን ይህን ባወጀች ጊዜ ሕዝቡ አምላካችን ከተማዋን ትታለች ብሎ ለመውጣት ይበልጥ ፈጠነ። ፕሉታርክ በበኩሉ ነገሩን የቴሚስቶክልስ ብልሃት ያደርገዋል፤ ሕዝቡን ወደ መርከብ ለማስገባት ካህናቱ እንዲህ እንዲናገሩ ያደረገ እርሱ ነው ይላል። እኔ የፕሉታርክን አምናለሁ። እባብ የማር እንጎቻ አይበላም፤ ሥጋ እንጂ። ያን ሁሉ ዘመን እንጎቻውን የበሉት አይጦች ይመስሉኛል፤ እባብ በእርግጥ ከነበረ ደግሞ እርሱ አይጦቹን በልቶ ኖሯል። የሆነ ሆኖ አንድ እባብ መብል እምቢ አለ ተብሎ አንድ ከተማ ባዶ ሆነ።

ሁለተኛው የሮሙ ቄሣር የጢባርዮስ ነው። ስዊቶኒየስ እንደሚተርከው፣ ቄሣሩ ከእጁ የሚያበላው አንድ ለማዳ እባብ ነበረው። በመጨረሻው ዘመኑ ወደ ሮም ለመመለስ ተነሥቶ ሳለ እንደ ልማዱ ሊያበላው ቢሄድ፣ ጉንዳን በልቶት አገኘው። የብዙኃንን ኃይል ተጠንቀቅ የሚል ምልክት ነው ተባለለት፤ እርሱም ከከተማዋ ሳይገባ ከመንገድ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ37 ሞተ። ፖለቲካውን ትተን ነገሩን እንዳለ ብናየው፣ የእባብን ደካማ ጎን የሚያሳይ ታሪክ ነው። ዝም ብሎ የተኛ እባብ ትንሹ ፍጥረት እንኳ ይበላዋል። ሕያው አይጥም እንዲሁ ነው፤ እባቡ ካልራበው፣ አይጡ ሲርበው የእባቡን ጀርባ ያኝካል። ብዙ ለማዳ እባቦች በዚህ ቆስለዋል፤ የሞቱም አሉ። ለልጁ በስልክ የነገርኩት ይህንኑ የጢባርዮስን ታሪክ ነው። ጥቂት ዝም ብሎ «ጉንዳን?» አለኝ። አይጡም ሳይገዛ ቀረ።

ሕያው እንስሳ ለእባብ መስጠት በሰለጠነው ዓለም እንደ ትርኢት የታየበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የለንደን የእንስሳት ማቆያ በዓለም የመጀመሪያውን የእባብና የእንሽላሊት ቤት እ.ኤ.አ. በ1849 ከፈተ። ጎብኚዎች በመስተዋት በኩል ጥንቸልና ወፍ ሲዋጥ ያዩ ነበር፤ በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ይህ ጭካኔ ነው በሚሉና ተፈጥሮ ነው በሚሉ መካከል ብዙ ክርክር ተነሣ። አሳዳጊዎቹ እባብን እንዴት እንደሚያኖሩ በጥቂቱ ብቻ ያውቁ ነበር። በዚያው ዘመን አንድ ትልቅ እባብ የተኛበትን ብርድ ልብስ ከመብሉ ጋር ውጦ፣ ከሳምንታት በኋላ መልሶ ተፋው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1852 ደግሞ ኤድዋርድ ሆራሺዮ ገርሊንግ የተባለ ጠባቂ፣ ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ኮብራ በእጁ ሲያነሣ ፊቱን ነድፎ ገደለው።

ነገሩን የለወጠችው ጆን ፕሮክተር ናት ብል አላጋነንኩም፤ ስሟ የወንድ ይምሰል እንጂ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1923 የዚያው ቤት ኃላፊ ሆነች፤ ዕድሜዋን በሙሉ በሽተኛ ነበረች፤ በ1931 ገና በሠላሳ አራት ዓመቷ ሞተች። በእርሷ ንድፍ በ1927 የተከፈተው አዲስ ቤት ሙቀቱ ከስፍራ ስፍራ እንዲለያይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እንስሳው ራሱ ሙቁን ወይም ቀዝቃዛውን ይመርጣል። ሱምባዋ የተባለውን ታላቁን የኮሞዶ እንሽላሊት ከእጇ ታበላው፣ እንደ ውሻም ይዛው ትዞር ነበር። ሙቀት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ዛሬ ይበልጥ ይታወቃል። እባብ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሆዱ የሚሠራው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው፤ ከበረደው መብሉ በሆዱ ይበሰብሳል፣ ወይም ይተፋዋል። መዋጥ ራሱ ለገላው ታላቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት፣ ዘንዶ በበላ በሁለት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ በአርባ በመቶ እንደሚያድግ አሳይቷል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አትንኩት የሚባለው እንግዲህ ለከንቱ አይደለም።

የመብሉስ ታሪክ? ነጭ አይጥን በብዛት ማራባት ባይለመድ ኖሮ ግልገል እባብን በቤት ማሳደግ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በማሳቹሴትስ፣ ግራንቢ በምትባል መንደር፣ አቢ ላትሮፕ የተባለች ሴት አይጥ ለጨዋታ ታራባ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ዋና ገዢዎቿ የሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ሆኑ። ዛሬ አይጥ በዕድሜና በመጠን ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ በፖስታ ይመጣል። ይህም ሌላ አደጋ አለው፤ በረዶ ሳልሞኔላን አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በአሜሪካና በእንግሊዝ የታመሙ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሕፃናት፣ በሽታው ሲጣራ ምንጩ ለእባብ የተገዛ የቀዘቀዘ አይጥ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ወደ እኅቴ ቤት ሄድኩ። እኅቴ በሩን ከፍታ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «አይጡን የሚያሟሙቀው በእኔ ቡና ስኒ ነው!» ብላ ከሰሰችው። ለዚህ ብቻ የሚሆን አሮጌ ጣሳ ተገኘ፤ ከወጥ ቤትም ወጣ፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል ተባለ። ቀጥሎ እባቧን አየናት። ዓይኖቿ ጉም የለበሱ ይመስላሉ፤ ቆዳዋም ደብዝዟል። ልጁ ታማለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን ቆዳዋን ልትገፍ ስትል እባብ እንዲህ ትሆናለች፤ በዚያ ሰሞን መብል እምቢ ማለቷም የተለመደ ነው። በየቀኑ እያነሣ ያገላብጣት እንደነበረም አመነ። በሣጥኑ በአንዱ ጫፍ ያለውን ሙቀት ለካ፤ ውኃዋን ለወጠ፤ ላይዋን በጨርቅ ሸፈነና ተዋት።

በስድስተኛው ቀን ቆዳዋን ሳይበጣጠስ ገፈፈች። ሁለት ቀን ቆይቶ ልጁ ከገላዋ ወፍራም ስፍራ የማይበልጥ፣ ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል በሙቅ ውኃ አሟሟቀ፤ አድርቆም በረጅም መቆንጠጫ አቀረበላት። ምላሷን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥታ አሸተተች፤ ከዚያ ከጭንቅላቱ ጀምራ ያዘችው። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች፤ ማማተቡንም ረሳችው። ልጁ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተሩ ጻፈ፤ ከሥሩም የሚቀጥለውን ቀን፣ ከስድስት ቀን በኋላ፣ አሰመረበት።