እማማን የለካው በያጅ

ተረት ተረት ብዬ የላም በረት አላስብላችሁም፤ የዛሬው ወሬ የብረት ነው። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ገላን ውስጥ፣ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ፒካፕ ነበረ እንበል። ባለቤቱም በያጁም ስም አይኑራቸው። ከአቃቂ እስከ ዱከም በየፋብሪካው አጥር ሥር እነሱን የሚመስል ሰው ሞልቷልና ገላንን የሚያውቅ ሁለቱንም አይቷቸዋል።

ፒካፑ ላንድክሩዘር ነው፤ ኤፍጄ 45 የሚሉት። ቶዮታ ይህን ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ስላቆመው የመጨረሻው ልጅ እንኳ ዛሬ አርባን ተሻግሯል። ስድስት ፒስቶን፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ከሥር ወፍራም ሻንሲ። ጤፍ ጭኗል፣ ሲሚንቶ ጭኗል፣ ሙሽራም ጭኗል። ጎረቤት «ኧረ ሽጠው!» ሲለው ባለቤቱ «ሸጬ ምን ልገዛ?» ይላል። እውነቱን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ያለውን ማስታመም ነው።

ታዲያ የፒካፑ ሞተር እሺ ቢልም የጎን መርገጫው እምቢ አለ። የገላን አፈር ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ጎማ የረጨው ጭቃ ከመርገጫው ሥር ገብቶ እዚያው ይከርማል፣ ብረቱንም ዝም ብሎ ይበላዋል። የግራው መርገጫ መንገድ ላይ ቀርቷል። የቀኙ በሽቦ ታስሯል። ታኅሣሥ 19 ደግሞ እየመጣ ነው፤ የባለቤቱ እናት ስለት አለባቸውና ቁልቢ ሊሄዱ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ሰውየው ፒካፑን በያጁ ደጅ አቆመና «ጌታው፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ አድርግልኝ፤ ከተማ እንደማየው» አለ።

«ማን ነው የሚወጣበት?»

«እናቴ።»

«እንግዲያው አምጣቸው።»

«መኪናውን አመጣሁልህ እኮ!»

«መኪናውን አየሁት ጋሼ። አሁን እማማን አምጣልኝ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የጎን መርገጫ ድሮ ጌጥ አልነበረም። የጥንት መኪና ሻንሲው ከፍ ያለ፣ ቦዲው ጠባብ ነበር። በፊትና በኋላ ፓራፋንጎ መካከል ባዶ ቦታ ይተርፍ ስለነበር መርገጫው ያንን እየሞላ እግርም ያሳርፍ፣ ጭቃም ይመክት ነበር። ቦዲ እየሰፋ ሲመጣ ከብዙ መኪና ላይ ጠፋ፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ፒካፑን ሲያሰፋው የውጩን መርገጫ አስቀረው። እስከ መጨረሻዋ ቀን ያልለቀቀችው ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ስትሠራ መርገጫዋ አብሯት ነበር። የእኛ በያጅም እጁን ያፍታታው በቮልስ ነው፤ አዲስ አበባ ቅጥቀጣ የተማረ ሰው የቮልስ መርገጫ ሳይፈታ አይመረቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። በያጁ ብሎኬት አጋድሞ ጣውላ ጫነበትና «ይውጡ እስቲ» አላቸው። ሃያ ሳንቲ ነው፤ በቀላሉ ወጡት። ሁለተኛ ብሎኬት ደረበ፤ አርባ ሆነ። እማማ ጉልበታቸውን ይዘው «አይ ልጄ፣ እዚህስ ታኅሣሥ ገብርኤል ራሱ ያውጣኝ» አሉ። ሃያው ለጉልበት ደግ ቢሆንም ለመንገድ ክፉ ነው፤ የማሳ ዳር ድንጋይ ይመታዋል። በያጁ ጣውላ እየጨመረና እየቀነሰ ሠላሳ ሁለት ላይ ሲደርስ እማማ ምንም ሳይሉ ወጡ። ያችን በጠመኔ በሩ ላይ አሰመረ።

ልኬቱን የወሰደው ታዲያ መኪናው በገዛ ጎማው ቆሞ፣ ኋላው ላይ ጆንያ ተጭኖ ነው። ክሪክ ላይ የተሰቀለ መኪና የሚሰጣችሁ ቁጥር ውሸት ነው፤ ባሌስትራው ጭነት ሲሰማው ዝቅ ይላል፣ መርገጫውም አብሮት ይወርዳል። ደግሞም መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ የፊት ጎማው የመርገጫውን ጫፍ እንደማይልስ አየ፣ በሩንም ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ የለስላሳ ካርቶን ቀዶ ቅርጹን አወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሰውየው «በሩ ሥር ካለው ላሜራ ጋር በየደው፤ ቶሎ ያልቃል» አለ። በያጁ ራሱን ነቀነቀ። ቦዲው በሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎሚኒ ነው፤ መንገዱ ሲያናጋው ሁለቱ የየራሳቸውን ይወዛወዛሉ። መርገጫውን ከቦዲው ጋር ካጣበቃችሁት፣ ሰማንያ ኪሎ ሰው ዘሎ በወጣበት ቁጥር ያ ስስ ላሜራ ይጎተታል፣ ይሰነጠቃል፣ በሩም አልገጥም ይላል። ስለዚህ ክብደቱን ሻንሲው ይሸከም። ደግሞ መርገጫውን የሚሸከመው ክንድ ከሻንሲው ወደ ውጭ በረዘመ ቁጥር ያው ሰው ይከብዳል፤ ከሥሩ በሰያፍ የሚደግፈው ብረት የግድ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ወፍራም ብረት አድርግ» የሚል ሞልቷል። እኔ ግን ሰያፍ ድጋፍ ያለው መካከለኛ ብረት ከብቸኛ ወፍራም ብረት ይሻላል ባይ ነኝ፤ በያጁም እንዲሁ።

ሻንሲውን ራሱን አልበየደም፤ እሳት ያገኘው ሻንሲ ከብየዳው አጠገብ ሊሰነጠቅ ይችላል። የነበሩትን ቀዳዳዎች ፈልጎ ክንዶቹን በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ አሰራቸው። በውስጥ በኩል የሚያልፈውን የፍሬን ቱቦ በእጁ ዳስሶ ካረጋገጠ በኋላ ነው ቀዳዳዎቹን ለማስፋት ትራፓኖ ያነሳው።

ብረቱ ከመርካቶ መጣ። አሮጌ ብረት ፈላጊ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፣ የመኪና ዕቃ ፈላጊ ሱማሌ ተራ፤ ረዳቱ ልጅ ሁለቱንም አዳረሰ። ለገጹ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ይዞ መጣ፤ አንድ ካሬ ሜትሩ ወደ 24 ኪሎ ይመዝናል። ማጠፊያ ማሽን የለም። ላሜራውን በሁለት ወፍራም አንግል ብረት መሐል በሞርሳ ጠርቀው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ በትንሹ በመዶሻ አጎበጡት። አንድ ቦታ ላይ ቸኩሎ የሚመታ ልጅ ላሜራውን ያስለቅሰዋል።

ብየዳውም እንደዚያው ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አንድ መስመር የሚስብ ሰው መርገጫው ተጣሞ ያገኘዋል፤ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባልና። በያጁ በነጥብ በነጥብ ያዝ ያዝ አደረገው፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጫፍ። መሐል ላይ መብራት ሄደ። ማንም አልተገረመ።

ገጹ ላይ ግን ክርክር ተነሳ። ሰውየው ጎማ ይለበስበት አለ፤ በረባሶ የሚሠራ ሰው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስተካክሎ ይሰጠዋል። እግር እንዳያንሸራትት ጥሩ ነው። በያጁ ደግሞ «ከጎማው ሥር ውኃ ይተኛል፤ የበፊቱን ማን በላው?» አለ። ተስማሙ፦ እግር በሚያርፍበት ብቻ ቀጫጭን የጎማ ሪባን በብሎን ይታሰር፣ በሪባኖቹ መሐል ውኃ ማውረጃ ይበሳ። ሥሩ ሁለት እጅ አንቲረስት ጠጣ፤ ከላይ ጥቁር ቀለም። የሚያብረቀርቅ ነገር አልተገኘበትም፤ ሰውየው ትንሽ አኮረፈ።

ታኅሣሥ 17 ማታ እማማ ተጠሩ። ቀኝ እግራቸውን አሳረፉ፤ መርገጫው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ መፈለግ ጀመረ፤ በሩን ያዙ፣ በሩ ተወዛወዘ።

«ልጄ፣ እግሬን ለክተሃል። እጄስ?»

ሰውየው ፈጠን ብሎ «መያዣው በዋጋው ውስጥ ነው አይደል?» አለ።

«ጋሼ፣ የተዋዋልነው መርገጫ ነው።»

«እናንተ ተከራከሩ፤» አሉ እማማ፣ «እኔ እንደሆን ሳልይዝ አልወጣም።»

በያጁ ሳቀ። የበሩን ምሰሶ በጣቱ አንኳኳው፤ ስስ ነው፣ ከጀርባው ደጋፊ ብረት ይፈልጋል። ረዳቱን ለትራፓኖው ላከውና ሜትሩን ከኪሱ መዘዘ።

«እማማ፣ እስቲ ክንድዎን ይዘርጉልኝ።»