ባላንጣው ማን ነበር? ከካፋ ታሪክ

ስለ ካፋ መንግሥት መውደቅ የሚነገሩት ታሪኮች አንድ ዓይነት ባላንጣ የላቸውም። አንዱ ወገን ግትር ንጉሥ የሚለውን ሌላው ለአገሩ የቆመ ጀግና ይለዋል፤ አንዱ ታላቅ የጦር መሪ ያለውን ሌላው አገር አጥፊ ብሎ ያስታውሰዋል። ለድራማ ወይም ለልቦለድ ባላንጣ የሚቀርጽ ሰው ከዚህ የሚቀስመው ብዙ ነው።

የመንግሥቱ ማዕከል ቦንጋና አንድራቻ ነበሩ። ንጉሡ ታቶ ይባላል፤ ምክረቾ የተባለ የባለሥልጣናት ሸንጎም ያማክረው ነበር። ድንበሩ በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር የተከለለ ሲሆን በሮቹ በዘበኞች ይጠበቁ ነበር። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1897 (እ.ኤ.አ.)፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ መሪነት ካፋ ገባ። የካፋ ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ ጥቂት ነበር። ንጉሡ ጫካ ገብቶ ለወራት ከተሸሸገ በኋላ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ተያዘ።

ጋኪ ሸሮቾ ሌላ ምርጫ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ጎረቤቱ የጅማው አባ ጅፋር አስቀድሞ ለምኒልክ በመገበሩ ዙፋኑን ጠብቆ ቆይቷል፤ በ1897ቱ ዘመቻም ጦሩ ከዘማቾቹ ጎን ተሰልፏል። ካፋ ግን አልገብርም አለ። በዘማቾቹ ዓይን ይህ እምቢታ አመፅ ነበር፤ በካፋ ትዝታ ግን ክብር ነው። ሥራው ያው አንድ ሆኖ ሳለ ባላንጣም ጀግናም የሚያደርገው፣ እምቢ ያለበት ምክንያት መነገሩ ወይም መዘለሉ ነው። ምክንያቱ ሲዘለል የሚቀረው ባዶ ግትርነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ባላንጣ ደግሞ አድማጭ ቶሎ ይረሳዋል።

ወልደ ጊዮርጊስም እንዲሁ በሁለት መልክ ይታያል። ከእርሱ ጦር ጋር በ1898 የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ ራሱን የቻለ፣ ብልህና የተከበረ አዛዥ አድርጎ ሥሎታል። ያው ጸሐፊ ግን ጦርነቱ ካፋን ምን ያህል እንዳራቆታት አልደበቀም፤ በመዲናዋ ዙሪያ ስለተበተነ የሰው አጥንትም ጽፏል። ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ትክክል ነው። አጥፊ የሆነ ሰው ጨዋና አስተዋይ ሊሆን ይችላልና፣ ከሁለቱ አንዱን የሚሰርዝ ተራኪ ሰውየውንም ዘመኑንም ያሳንሳል። ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ በጎንደር ንጉሥ ተብሎ በ1918 ሲያርፍ፣ ጋኪ ሸሮቾ በግዞት እንዳለ በዓመቱ በ1919 ሞተ።

ባላንጣነት ከሰው አልፎ በዕቃ ላይም ያድራል። የካፋ ዘውድ በአገሩ እስካለ ድረስ መንግሥቱ አይጠፋም የሚል እምነት ነበር። ምኒልክ ዘውዱን ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ዘውዱም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የማንጆዎች ዕጣ ነው። ማንጆዎች የካፋን ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአደን የታወቁ ሕዝቦች ናቸው፤ በመንግሥቱ ዘመን የድንበር በሮችን ይጠብቁ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙኃኑ ጎማሮዎች የዱር አሳማና ጉሬዛ በመብላታቸው ርኩስ አድርገው ይቆጥሯቸው፣ ከማዕድና ከጋብቻም ያርቋቸው ነበር። እዚህ የሚነገረው ታሪክ ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ አዛዥ አይደለም፤ ማንም ሳይመርጠው በልደት ስለሚለጠፍ የክፋት ስም ነው። ደራሲ ይህን ለታሪኩ ባላንጣ ሲዋስ ሐሜትን አጽንቶ ማለፉ ነው። የማንጆ ሽማግሌዎች በበኩላቸው፣ ካፋን በኋላ ከገዛው ሥርወ መንግሥት በፊት የራሳቸው ንጉሥ እንደነበራቸውና ሥልጣናቸውን እንደተነጠቁ የሚተርክ የቃል ትውፊት አላቸው።