አሸዋ ለባሾቹ

ኑማ፣ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካዬ የሁለት እህትማማች ዝርያዎች ነው። ሻርኮች ናቸው፤ ግን ሻርክ ሲባል በዐይነ ሕሊናችሁ የሚመጣውን ውኃ ሰንጣቂ ለጊዜው እርሱት። እነዚህ ጠፍጣፎች ናቸው፤ የጎን ክንፋቸው ሰፋ ብሎ ስለተዘረጋ መልአክ ሻርክ ይሏቸዋል። የመልአክ ጠባይ ግን የላቸውም! ከባሕሩ ወለል ተለጥፈው፣ አሸዋ ለብሰው፣ ዐይናቸውን ብቻ አስቀርተው ያደባሉ። ምስኪን ዓሣ በፊታቸው ሲያልፍ ብድግ፣ ላፍ፣ አለቀ።

ታላቂቱ ስኳቲና ስኳቲና ትባላለች፤ የሥነ ሕይወት ሊቁ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. መዝግቧታል። ታናሺቱ ስኳቲና አኩሌያታ ናት። ታላቅና ታናሽ ያልኳቸው በቁመት ነው፤ አንደኛዋ እስከ 2.4 ሜትር ትደርሳለች፣ ሌላዋ 1.9 ገደማ። ተኝተው ሳሉ የሚለያቸው ጀርባቸው ነው። ታናሺቱ በጀርባዋ መሐል ለመሐል ትልልቅ እሾህ ደርድራለች፤ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ጢምም እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንዠርግጓል። ታላቂቱ ካደገች በኋላ እንዲህ ያለ የእሾህ ሰልፍ የላትም፤ ጢሟም ቀለል ያለ ነው።

ታላቂቱ ወደ ዳርቻው ትቀርባለች፤ ታናሺቱ እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ትወርዳለች። ታዲያ የወረደችው ተረፈች እንዳትሉ! ሁለቱም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግበዋል። ወለል ጠራጊው መረብ ሲመጣ አይሸሹማ፤ ስንት ዘመን ያኖራቸው ዘዴ ፀጥ ብሎ መተኛት ነው፣ መረቡ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሚወልዱት ጥቂት፣ እድገታቸውም አዝጋሚ ስለሆነ የተወሰደባቸውን ቶሎ አይተኩም። ታላቂቱ ከሰሜን ባሕር ጠፍታለች፤ ዛሬ ዋናው መጠጊያዋ የስፔን ካናሪ ደሴቶች ናቸው።

አሁን ጉዱን ስሙ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእነዚሁ ደሴቶች በአንዷ፣ በተነሪፌ፣ ለጎብኚ የሚሆን መዝናኛ ዳርቻ ተሠራ፤ ላስ ተረሲታስ ይባላል። የደሴቲቱ አሸዋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ነውና ነጣ ያለው በመርከብ ከሰሃራ ተጭኖ መጣ፣ ማዕበሉንም በድንጋይ ግድብ ከለሉት። ስለ ሻርክ ማን አስቦ! ግን ፀጥ ያለው ውኃና አዲሱ አሸዋ ለታላቂቱ ግልገሎች ማሳደጊያ ሆነላቸው። ሲወለዱ ከአንድ ማስመሪያ አይረዝሙም፤ ቀን ዋናተኛው ከላያቸው ይንቦጫረቃል፣ ማታ እነሱ ይወጣሉ።

ከሄዳችሁ እግራችሁን እየጎተታችሁ ግቡ። ግልገሏ ሰው አታሳድድም፤ ከረገጣችኋት ግን ትነክሳለች።