የጦርነት ጨዋታና ዳኛው፦ ከፕሩሺያ ጦር ሰፈር እስከ ሳሎን ጠረጴዛ

የጦርነት ጨዋታ የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ካርታ ወይም ተራራና ወንዝን አስመስሎ በተሠራ መሬት ላይ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን እያንቀሳቀሱ፣ በተጻፈ ደንብና በዳይስ ውጤት እየተመሩ ውጊያን የሚያስመስሉበት ጨዋታ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ምስሎቹን በቀጭን ብሩሽ የሚቀቡ፣ ደንቡን የሚያጠኑና የዕረፍት ቀናቸውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያሳልፉ አፍቃሪዎች ያሉት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ቢሆንም፣ መልኩን የያዘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኋላ ጀርመንን አንድ ባደረገችው በፕሩሺያ መንግሥት፣ በጦር መኮንኖች እጅ ነው። የጨዋታው ዝና በምስሎቹ ውበት ላይ የቆመ ይምሰል እንጂ፣ ከሌሎች የገበታ ጨዋታዎች የለየው በሁለቱ ባላጋራዎች መካከል የሚቀመጠው ሦስተኛ ሰው፣ ማለትም ዳኛው ነው፤ ስለዚህም ታሪኩ በዳኛው በኩል ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጦርነት ጨዋታ ቅድመ አያት ቼዝ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል ወደ ምዕራብ የተጓዘው ይህ ጨዋታ ከመነሻው ንጉሥን፣ ፈረሰኛን፣ ዝሆንንና እግረኛን የሚያሰልፍ የጦር ሜዳ አምሳያ ነበር። በኢትዮጵያም ሰንጠረዥ በሚል ስም በነገሥታትና በመኳንንት ዘንድ ሲዘወተር የኖረ ሲሆን፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተመዝግቧል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ አውሮፓውያን የተዉትን፣ ፈርዝና ፊል የሚባሉትን ጠጠሮች ጥንታዊ አካሄድ ጠብቆ ከመቆየቱም በላይ፣ ወረራ የሚባል እጅግ የተለየ መክፈቻ ነበረው፤ በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እኩል እጃቸውን ሰንዝረው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፣ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረውም የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ባላጋራ በእውነተኛ ጦርነት ተራ እንደማይጠብቅ የተገነዘበው ይህ ደንብ ከፍተኛ አድናቆት ይገባዋል፤ የአውሮፓ የጦር ሊቃውንት ከቼዝ ተነሥተው የጦርነት ጨዋታ ለመሥራት ሲነሡ ከገጠሟቸው ችግሮች አንዱ ይኸው ነበርና።

ሌሎቹ ችግሮች ሁለት ናቸው። በቼዝ ገበታ ላይ የሁለቱም ወገን ኃይል ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ የሚበላው ጠጠርም ያለ ጥርጥር ይበላል። የጦር አዛዥ ግን ከኮረብታው ማዶ ያለውን አያይም፣ ያዘዘውም ጥቃት ይሳካ ወይም ይክሸፍ አስቀድሞ አያውቅም። በ1780 በብራውንሽቫይግ ከተማ የሒሳብ መምህር የነበረው ዮሐን ክርስቲያን ሉድቪግ ሄልቪግ፣ ወደ ውትድርና የሚያመሩ የመኳንንት ልጆችን ለማስተማር አስቦ 1,617 ካሬዎች ያሉት ትልቅ ገበታ ሠራ፤ ቀይ ካሬ ተራራን፣ ሰማያዊ ካሬ ውኃን ያመለክት ነበር፣ ጠጠሮቹም እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፈኛ ተብለው ተከፈሉ። በ1797 ጌኦርግ ቬንቱሪኒ የተባለ ጸሐፊ ካሬዎቹን ወደ 3,600 አሳደጋቸው። ገበታው ሰፋ፣ ደንቡም በዛ፤ ሁለቱ ችግሮች ግን እንዳሉ ቆዩ፣ ወንዞችና መንገዶችም የካሬን ማዕዘን እየተከተሉ ይሰበሩ ነበር።

ካሬውን የጣለው በብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ፣ በሲቪል ሹመት ያገለግል የነበረው ባሮን ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ ነው። ይህ ሰው መሬቱን በአሸዋ እየሠራ፣ ርቀትን በመለኪያ እየለካ የሚጫወትበትን ዘዴ ፈጠረ፤ ወሬው በ1811 ከፕሩሺያ መሳፍንት ጆሮ ደርሶ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ጨዋታውን ለማየት ፈለገ። ራይስቪትስ አሸዋ ለንጉሥ ፊት አይመጥንም ብሎ በማሰቡ ሥራውን ለአንድ ዓመት ያህል አዘግይቶ፣ ኮረብታና ሸለቆ በጄሶ የተቀረጸባቸው፣ እየተነሡ እንደ ልብ የሚገጣጠሙ ባለ ቀለም ንጣፎች ያሉት፣ ጠጠሮቹና መለኪያዎቹ በመሳቢያ የተደራጁበት ጠረጴዛ በ1812 አቀረበ። የንጉሡ ልጆችም ተጫወቱበት፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቪልሄልም በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ለመሆን የበቃው ነው።

የአባቱ ዕቃ የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ልጁ፣ በርሊን የነበረው የመድፈኛ መቶ አለቃ ጌኦርግ ሃይንሪሽ ሩዶልፍ ዮሐን ፎን ራይስቪትስ ነው። በ1824 ባሳተመው ደንብ የጄሶውን መሬት ትቶ፣ በ1፡8,000 መጠን በተነሡ፣ ማለትም በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 80 ሜትር በሚሆንባቸው ካርታዎች ተጠቀመ። ክፍለ ጦሮቹን የሚወክሉት ጠጠሮች ከእርሳስ የተሠሩ ትንንሽ ጡቦች ሲሆኑ፣ የአንደኛው ወገን ቀለም ሰማያዊ፣ የሌላው ቀይ ነበር፤ ወገንን በሰማያዊ፣ ጠላትን በቀይ መለየት እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ሠራዊቶች ካርታ ላይ የቀረ ልማድ ነው። አንድ ተራ የሁለት ደቂቃ ውጊያን ይወክላል፤ በሁለት ደቂቃ እግረኛ ምን ያህል፣ ፈረሰኛ ምን ያህል ሊጓዝ እንደሚችል በሰንጠረዥ ተቀምጧል።

የዳኛው ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። የሰማያዊው አዛዥ አንድ የፈረሰኛ ጓድ በጫካው ጀርባ ዞሮ ድልድዩን እንዲይዝ ከፈለገ ጠጠሩን በእጁ አይነካም፤ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። ዳኛው መልእክተኛው ከአዛዡ ተነሥቶ ፈረሰኞቹ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ አስልቶ ትእዛዙን ያን ያህል ተራ ያዘገየዋል፤ ፈረሰኞቹ መንገድ ከጀመሩ በኋላም ከቀዩ ወገን ዓይን የተሰወሩ እስከ ሆኑ ድረስ ጠጠራቸውን በካርታው ላይ አያኖርም። ቀዩ አዛዥ ድልድዩን ሳይጠብቅ ቆይቶ በድንገት ሰማያዊ ጡብ ሲቀመጥ ሲያይ የሚሰማው ድንጋጤ በየትኛውም የቼዝ ገበታ ላይ የለም። ተኩስ ሲከፈት ደግሞ ዳኛው ዳይስ ይጥላል፤ የጉዳቱም መጠን የተጻፈው በግምት አልነበረም፤ የፕሩሺያው ጄኔራል ሻርንሆርስት የጠመንጃን ኃይል ለማወቅ ያካሄዳቸው የተኩስ ሙከራዎች ያስገኙት አኃዝ መሠረት ሆኖታል። ያልታየውን የሚሸከም ዳኛ፣ ያልታወቀውን የሚወስን ዳይስ፣ በልኬት የቆመ ሰንጠረዥ፦ ሦስቱን በአንድነት ያዋቀረው ይህ ወጣት መኮንን በጨዋታ ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ፈጣሪዎች ጎን ሊቆም የሚገባው ሰው ነው።

የፕሩሺያ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ካርል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን ሊያይ ሲመጣ በቀዝቃዛ ስሜት ነበር፤ ትርኢቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦርነት ማሠልጠኛ መሆኑን ተናገረ፣ በሠራዊቱ ሳምንታዊ መጽሔትም መኮንኖች ሁሉ እንዲማሩት መከረ። ከዚያም ጨዋታው ለየሬጅመንቱ እንዲዳረስ ታዘዘ። ለፈጣሪው ግን ዕድል አልቀናውም። በሻምበልነት ማዕረግ ከበርሊን ርቆ ቶርጋው ወደምትባል የምሽግ ከተማ ሲዛወር እንደ ግዞት ቆጠረው፤ በ1827ም ራሱን አጠፋ። ሥራው በእጁ ሳለ ሊሰጠው የሚገባውን ክብር ጓዶቹ መንፈጋቸው እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ከ1857 ጀምሮ ኤታማዦር ሹም የሆነው ሄልሙት ፎን ሞልትከ በወጣትነቱ የጨዋታው ወዳጅ ስለ ነበር በሥልጣኑ ዘመን አበረታታው። ፕሩሺያ በ1866 ኦስትሪያን፣ በ1870 እና 71 ፈረንሳይን ስታሸንፍ ሌሎች መንግሥታት የድሉን ምሥጢር ፍለጋ ወደዚህ ገበታ አዩ፤ ብሪታንያ በ1872 ደንቡን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመች፣ በአሜሪካም የኒውፖርት የባሕር ኃይል የጦር ኮሌጅ ከ1887 ጀምሮ መርከቦችን በገበታ ላይ ማዋጋት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደንቡ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ መኮንኖች ከጠላት ይልቅ ከሰንጠረዡ ጋር መታገል በመጀመራቸው፣ በ1876 ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ጄኔራል ሰንጠረዡንና ዳይሱን ወደ ጎን ብሎ ፍርዱን ሁሉ ለልምድ ዐዋቂ ዳኛ የሚተው ነፃ የጦርነት ጨዋታ አቀረበ። ደንብ ይግዛ ወይስ ዳኛ ይፍረድ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም፤ የቬርዲ መንገድ ፈጣን መሆኑ ባይካድም፣ ዳኛው ሲያዳላ ወይም ሲሳሳት ተጫዋቹ የሚማጸንበት ነገር ስለማይኖር የራይስቪትስ ሚዛን የተሻለ ነው።

ጨዋታው ከሰፈር ወጥቶ ወደ ሲቪሉ ሕዝብ የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በ1873 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውን የመሰለው የክበብ በር ሲሆን፣ ሁለተኛውና ሰፊው የልጆች መጫወቻ ነው። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኑረምበርግ አንጥረኞች ከቆርቆሮ ማዕድን ጠፍጣፋ ወታደሮችን እያቀለጡ ይቀርጹ ነበር፤ በ1893 ደግሞ ዊልያም ብሪተን የተባለ የለንደን አምራች ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን መሥራት በመጀመሩ ክብደታቸውና ዋጋቸው ቀነሰ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ባሳተመው «ትንንሽ ጦርነቶች» በተባለው መጽሐፍ ለእነዚህ ወታደሮች ደንብ አወጣላቸው። በቤት ወለል ወይም በአትክልት ቦታ እግረኛው በአንድ ተራ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛው ሁለት ጫማ ይጓዛል፤ የተራው ጊዜ በሰዓት ይለካል፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን ዳይስም ዳኛም አልነበረም፣ በስፕሪንግ የእንጨት ጥይት የምትወረውረው የመጫወቻ መድፍ እንጂ። የተመታው ይወድቃል፣ የወደቀውም ከጨዋታ ይወጣል። ዌልስ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሰዎች ትልቁን ጦርነት ትተው ይህችን ትንሿን እንዲመርጡ በብርቱ ተማጽኖ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቻርልስ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ ዳኛውን ጨርሶ የሚያስቀር መንገድ ፈለገ። በ1954 «ታክቲክስ» የተባለውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ፣ በ1958 ደግሞ አቫሎን ሂል የተባለውን ኩባንያ ይዞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ የተመሠረተውን «ጌቲስበርግ» አወጣ። ካርታው በወረቀት፣ ሠራዊቱ ጥንካሬውና ፍጥነቱ በቁጥር በታተመባቸው የካርቶን ቁራጮች ሆነ፤ ተጫዋቾቹ የአጥቂውንና የተከላካዩን ኃይል አነጻጽረው፣ ሦስት ለአንድ ወይም ሁለት ለአንድ መሆኑን አይተው፣ ዳይስ በመጣል ውጤቱን ከታተመ ሰንጠረዥ ላይ ያነባሉ። በ1961 ኩባንያው ካሬውን በባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ ተካው፤ ምክንያቱም በካሬ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ጠጠር ቀጥ ብሎ ከሚሄደው ይልቅ ረዘም ያለ ርቀት በአንድ እርምጃ ሲሸፍን፣ በባለ ስድስት ማዕዘን ላይ ግን ወደ ስድስቱም አቅጣጫ ያለው ርቀት እኩል ነው። ሁለት ሰዎች ሦስተኛ ሳይፈልጉ በቤታቸው መጫወት በመቻላቸው ጨዋታው በሰፊው ተሰራጨ፤ ከዳኛው ጋር ግን መሰወርና ድንገተኛነትም ከገበታው ወጡ።

ዳኛውን የመለሰው ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ተጫዋች ነው። ቻርልስ ቶተን የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን በ1880 ያሳተመውን «ስትራቴጎስ» የተባለ የጦርነት ጨዋታ መጽሐፍ አግኝቶ ካነበበ በኋላ፣ በ1969 ብራውንሽታይን በተባለች ምናባዊ የጀርመን ከተማ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ አዘጋጀ፤ ለተጫዋቾቹም ሠራዊት ብቻ ሳይሆን የከንቲባ ወይም የተማሪ ድርሻ ሰጥቶ የሚፈልጉትን ሁሉ እንዲሞክሩ ፈቀደ፣ የሙከራቸውንም ውጤት እንደ ዳኛ ራሱ ወሰነ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ተረት ዓለም አሻገረው፤ ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነውም በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ በ1,000 ቅጂ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ ጓደኞቹን በምናብ ዓለም የሚመራው፣ ምን እንደሚያዩና ምን እንደሚሰወራቸው የሚያውቀው ሰው ያ በ1824 በበርሊን የተሾመው ዳኛ ነው።

በምስሎች የሚካሄደውን ጨዋታ ዛሬ በዓለም ያስታወቀው የእንግሊዙ «ዎርሃመር» በ1983 የወጣ ሲሆን፣ በ1987 የተከተለው «ዎርሃመር 40,000» የመጀመሪያ እትምም በዳኛ እንዲመራ ሆኖ የተጻፈ ነበር፤ በኋለኞቹ እትሞች ግን ውድድር እየገነነ ሲሄድ ዳኛው ቀርቷል። ይህ ለንግዱ ቢበጅም ጨዋታውን አድክሞታል፤ ምስሎቹ ከመቼውም ይልቅ አምረው ሳለ በጠረጴዛው ላይ የሚሰወር ነገር የለምና። በዚያው በ1983 የራይስቪትስ ደንብ በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ ዛሬ በተለያዩ አገሮች በዚያው መጠን በተነሡ ካርታዎች ላይ የሚጫወቱት ወገኖች አሉ። ይህን ጨዋታ በቤቱ ለመጀመር የሚፈልግ አንባቢ ውድ ምስሎችን ከመግዛቱ በፊት አንድ ካርታ፣ ጥቂት ሰማያዊና ቀይ የእንጨት ቁራጮች፣ ሁለት ዳይስና ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ዳኛ ይፈልግ።