ዕድርና የኑሮ ውድነት፦ ማን የማን ባለዕዳ ነው?

ስለ ዕድር የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ወይ ውዳሴ ነው፤ ወይ የሥራ ምደባ። ውዳሴው «የመረዳዳት ባህላችን» ብሎ ይጀምራል። የሥራ ምደባው ደግሞ «ዕድሮች የበኩላቸውን ድርሻ ሊወጡ ይገባል» ብሎ ይደመድማል። በሁለቱ መካከል የሚጠፋ አንድ ተራ ጥያቄ አለ። የተቀደደውን ድንኳን ማን ያሳድሳል? የጥሩንባ ነፊውን ክፍያ፣ የዕቃ ቤቱን ኪራይ፣ የተሰበረውን ወንበርና ያረጀውን ድስት ምትክ ማን ይሸፍናል? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አባላቱ ከወር መዋጮአቸው። የወር መዋጮው ግን ከገበያው ጋር እኩል መራመድ ካቆመ ቆይቷል። ታዲያ መንግሥትም ሆነ ለጋሾች ለዚህ ወጪ እጃቸውን ይዘርጉ ወይስ አይዘርጉ? ጥያቄውን ከታሪኩ ብንጀምር መልሱ ከለመድነው የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን ብዬ አምናለሁ።

የዕድር አመጣጥ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቢኖርም፣ በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በተለይም ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአገር ቤት ተነሥቶ ወደ ከተማ የገባ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ በአቅራቢያው አልነበረውም፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ዘመድ ማድረግ ነበረበት። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበራት ሲጽፉ ዕድር የከተማው ኑሮ አካል ሆኖ ነበር። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መተዳደሪያ ደንብና የቅጣት ሠንጠረዥ ያለው ተቋም ነው። ይህን ሁሉ ያቋቋመው ያለማንም ድጎማ ነው።

መንግሥት ወደ ዕድር ደጅ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሲመጣም ባዶ እጁን አልመጣም፤ መዝገብና ትእዛዝ ይዞ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማኅበራት ሕጋዊ መልክ ሰጠ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ደግሞ ማኅበራትን በአገር ግዛት ሚኒስቴር መዝገብ ሥር አስገባ። በዚያው ዘመን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ዕድሮችን መንገድ በማውጣትና ሰፈር በማልማት ሥራ እንዲሰለፉ ይገፋፋቸው ነበር። ገንዘቡም ጉልበቱም ከነዋሪው፣ ዕቅዱ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው።

ደርግ መጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ ፈጠረ። እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌ ሆነ። የሰፈር ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ሲዞር ዕድር ወደ ጥንተ ሥራው፣ ወደ ቀብርና ሐዘን፣ ተመለሰ። ሥርዓቱ ወድቆ ቀበሌው መልኩን ሲቀያይር ግን ዕድር እንደነበረ ቀጠለ። ለምን ቢባል፣ በጀቱ ከማንም ካዝና የሚመጣ ስላልነበረ ነው።

ሦስተኛው ጉብኝት የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሞት በየሰፈሩ ሲበረታ፣ ለወትሮው በእርጅናና በበሽታ የሚሞተውን አስልቶ መዋጮ የተመነው ዕድር ወጣቶችን በተከታታይ መቅበር ያዘ። ካዝናው ተራቆተ። ያን ጊዜ ዓለም አቀፍ ገንዘብ ወደ አገር ገባ፤ ዕድሮችም ስለ በሽታው እንዲያስተምሩ፣ ሕሙማንን በቤታቸው እንዲንከባከቡ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲደግፉ ተጠየቁ። ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሽለው ሙታንን ብቻ ሳይሆን ሕያዋንንም መርዳት ጀመሩ። የሚያኮራ ታሪክ ነው። ሆኖም ገንዘቡ የመጣው ለፕሮጀክት ነበር። ሥልጠና፣ አበል፣ ሪፖርት። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የታመመው ጎረቤትና ያደገው ግዴታ ከዕድሩ ጋር ቀሩ፤ በጀቱ ግን ሄደ።

ሕጉስ? የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ዕድርና ዕቁብን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጪ አደረጋቸው። እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113ም እንዲሁ። ይህ ከጥብቅ ቁጥጥር አድኗቸዋል። ነገር ግን ሌላ ውጤትም አለው፤ ከውጭ የሚመጣ ድጋፍ በአብዛኛው ወደ ዕድር የሚደርሰው በተመዘገበ ድርጅት ትከሻ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ አስተዳደራዊ ወጪ እንደ ነውር ይታያል። የመጀመሪያው አዋጅ ጣሪያውን 30 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ አድርጎታል። የብክነት ሥጋቱ ይገባኛል። ግን ኪራይ፣ ጥገናና የሰው ክፍያ የሌለው ተቋም በምን ቆሞ ነው «ፕሮግራም» የሚያካሂደው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ዕድርን የዋጋ ንረት የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናየው ነው፦ የሐዘን ገንዘቡ በደንብ የተወሰነ ስለሆነ ገበያው በጨመረ ቁጥር የሚገዛው ነገር ያንሳል፤ መዋጮው ከፍ ሲደረግ ደግሞ ቀድሞ የሚወድቀው ድሀው ነው። ውዝፉ ይከማችበታል፣ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ዕድር ይበልጥ በሚያስፈልገው ሰዓት ዕድር አልባ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳት ድምፅ የለውም። ብዙ ዕድሮች ተቀማጫቸውን በባንክ ያኖራሉ። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ለምሳሌ ያህል 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ዕድር በዓመቱ 107 ሺህ ብር ቢያገኝ፣ ያ ገንዘብ በ30 በመቶ ንረት ሲመዘን የሚገዛው ከዓመት በፊት ከ83 ሺህ ብር ባነሰ ይገዛ የነበረውን ነው። ሌባ አልገባም፤ ገንዘብ ያዡም አላጎደለም። ቀጥሎም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የድንኳን ሸራና ነዳጅ ከውጭ እንደሚመጡ መቼም አንዘነጋም።

ያ የጎደለው ዋጋ የት ገባ? በአነስተኛ ወለድ የሚሰበሰብ ቁጠባ ለተበዳሪ ርካሽ ገንዘብ ነው። በዘመኑ ዋነኛው ተበዳሪ ደግሞ መንግሥትና የልማት ድርጅቶቹ ነበሩ። ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በዝቅተኛ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። የመበለቶችና የቀን ሠራተኞች መዋጮ በዚህ መንገድ ለታላላቅ ሥራዎች ብድር ሆኗል። ሥራዎቹ ይጥቀሙም አይጥቀሙ፣ ዕድር ሳይጠየቅ አበዳሪ ነበር። ስለዚህ «መንግሥት ዕድሮችን ይርዳ» የሚለው አባባል ራሱ የተገለበጠ ነው። ትክክለኛው ቃል «ዕዳውን ይክፈል» ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? የኃይልና የምግብ ዋጋ ባሻቀበበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የብሪታንያ መንግሥት በእንግሊዝ ለሚገኙ የበጎ አድራጎትና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መመደቡን አስታወቀ። አብዛኛው በብሔራዊ ሎተሪ የማኅበረሰብ ፈንድ በኩል የተከፋፈለ ሲሆን፣ የናረ ወጪና የበዛ ተረጂ ላስጨነቃቸው ድርጅቶች የታሰበ ነበር። የእኛ ካዝና ያን ያህል እንደማይችል አውቃለሁ። የሚያስቀናኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ራሱ ድጋፍ የሚገባው ጉዳይ ነው የሚለው እውቅና ነው።

«የውጭ ገንዘብ ዕድርን ያበላሻል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከላይ ያነሣሁት ታሪክ ለሥጋታቸው ምስክር ነው፤ እኔም ለእያንዳንዱ ዕድር ጥሬ ገንዘብ ይታደል አልልም። የምለው ሦስት ነው። ለዕድሮች ተቀማጭ ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከል ወለድ ይታሰብ። የዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ከወረዳዎች ያለ ኪራይ ይሰጣቸው። መዋጮ መክፈል ላቃታቸው አባላት የሚውል ድጎማም ካለ፣ ማን ይደገፍ የሚለውን ጠቅላላ ጉባኤው ራሱ ይወስን። በምላሹም ስብሰባ ጥራ፣ ሰልፍ ውጣ፣ ስም ዝርዝር አምጣ አይባል።

ቅድመ ሁኔታው የመጨረሻው ነው፤ እርሱ ከሌለ ሌላው ቢቀር ይሻላል። ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ብር ለመስጠት ያልለመደ መንግሥት፣ ቢያንስ ያለ ፈቃድ መውሰዱን ቢያቆም ትልቅ ጅምር ነው።