የሰባት ቀን ማሻሻያ፦ ካርቱም 1965 እና የተቃዋሚ ንግግር ዕድሜ

የሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 2 አጭር ነበር። ሰው ሁሉ በሕግ ወሰን ውስጥ ሐሳቡን የመግለጽና በማኅበር የመደራጀት መብት አለው ይላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1965 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ካርቱም ላይ የተሰየመው መሥራች ጉባኤ ለዚህ ድንጋጌ «ሆኖም» የሚል ጭራ ቀጠለለት። ማንም ሰው የአገር ውስጥም ሆነ ዓለም አቀፍ ኮሚኒዝምን ወይም እግዚአብሔርን መካድን እንዳያስፋፋ፣ መንግሥትን በኃይል ወይም በሕገ ወጥ መንገድ ለመለወጥ እንዳይሠራ ተከለከለ። ቀጥሎ የመጣው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓላማ ያለውን ድርጅት ሕገ ወጥ አድርጎ፣ ማስፈጸሚያ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለራሱ ለጉባኤው ሰጠ።

ጉዳዩ በአስቸኳይ ሐሳብ መልክ ጉባኤው ፊት የቀረበው ኖቬምበር 15 ነበር። መሠረታዊ መብትን የሚነካ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሰባት ቀን አለቀ። የዚህ መጣጥፍ ክርክር በተቸኮለ ሕግ ፊት የሚቆም ተቃዋሚ ድምፅ አሰጣጡን ባያሸንፍም ንግግሩ ከንቱ አይቀርም የሚል ነው። ችኮላው ቀድሞ የሚሰብረው አናሳውን ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ብዙኃኑ ነገ ራሱን የሚከላከልበትን መሣሪያ ይሰብራል።

ከኦምዱርማን እስከ ጉባኤው

በኦክቶበር 1964 ሕዝባዊ አመፅ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ አገዛዝ ከጣለ በኋላ፣ የ1956ቱ የሽግግር ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ። በ1965ቱ ምርጫ ለተማሩ ዜጎች ብቻ ከተለዩት 15 የ«ምሩቃን» ወንበሮች 11ዱን ኮሚኒስቶች ወሰዱ። ከተመራጮቹ አንዷ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም በሱዳን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነች። ቁጥሩ በጉባኤው ውስጥ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ነባሮቹ ፓርቲዎች ከሃይማኖት ወንድማማችነት ማኅበራት በወረሱት የገጠር ድምፅ ሲቆሙ፣ የተማረው የከተማ ሰው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ያሳየ ውጤት ነበርና አስደነገጣቸው።

በኖቬምበር መጀመሪያ በኦምዱርማን የመምህራን ማሠልጠኛ በተደረገ ስብሰባ አንድ ተማሪ በነቢዩ ቤተሰብ ላይ ነውር ተናገረ ተባለ። የኮሚኒስት ፓርቲው ተማሪው አባሌ አይደለም ብሎ አስተባበለ፤ የሰማው አልነበረም። ሰልፉ አደባባዩን ሞላው። የሉዓላዊነት ምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ኢስማዒል አል አዝሃሪና የጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ አሕመድ ማሕጁብ ፓርቲዎች በሌላው ጉዳይ ሁሉ ሲናቆሩ የከረሙ ናቸው፤ ፓርቲውን በማገድ ግን ተስማሙ። በሐሰን አል ቱራቢ የሚመራው የእስልምና ቻርተር ግንባርም ከፊት ተሰለፈ።

የችኮላው ስልት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። አንድ ተማሪ ተናገረ የተባለው ነገር የወንጀል ሕግ ጉዳይ ነበር፤ ቢከሰስ በግሉ ይጠየቅበት ነበር። ጉባኤው ግን የአንድን ሰው ቃል ወደ ድርጅት፣ የድርጅትን ጉዳይ ወደ ሕገ መንግሥት አሻገረ። መንገዱ ደረጃ በደረጃ ቢሄድ ኖሮ በየደረጃው «ይህ ከዚያ ምን ያገናኘዋል?» የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም ነበር። ሰባት ቀን ለዚህ ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ

በጉባኤው የተቃወሙት በሁለት ነገር ታጠሩ። አንደኛ፣ በውጭ የሚጮኸው ሰልፍ እነሱን የሃይማኖት ጠላት አድርጎ ስሏቸው ስለነበር፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ያነሣ ሁሉ ስለ እምነት የሚከራከር መሰለ። ሁለተኛ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር። ከገዢው ወገንም የማይስማማ አልጠፋም፤ ማሻሻያው ግን በከፍተኛ ድምፅ አለፈ። በዲሴምበር ፓርቲው በሕግ ፈረሰ። የእንደራሴነትን ድንጋጌ የሚመለከት ሌላ ማሻሻያም ተጨመረና ስምንት እንደራሴዎች በሕዝብ ድምፅ ካገኙት ወንበር ተነሡ።

ይሁን እንጂ የተቃዋሚዎቹ ክርክር በአዳራሹ አልቀረም፤ ፍርድ ቤት ገባ። የደቡብ ሱዳኑ ጠበቃ ጆሴፍ ጋራንግና ሌሎች ከሳሾች ሆነው ጉዳዩን ወሰዱት። በዲሴምበር 1966 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሳላህ ሐሰን ማሻሻያዎቹን ሕገ መንግሥቱን የሚፃረሩ ናቸው ብለው ሻሯቸው። የፍርዱ እምብርት «በሕግ ወሰን ውስጥ» በሚለው ሐረግ ላይ ያረፈ ነበር፦ ሕግ መብትን ሥርዓት ያስይዛል እንጂ አይወርስም። ጉባኤውም የሕገ መንግሥቱ ልጅ እንጂ አባቱ አይደለም።

የዚህን ፍርድ ክብደት ለመረዳት ቀኑን ማስተዋል ይበቃል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓርላማ መሠረታዊ መብቶችን በማሻሻያ ሊቀንስ አይችልም ያለበት የጎላክናት ፍርድ የተሰጠው በፌብሩዋሪ 1967 ነው። በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚጠቀሰው የኬሳቫናንዳ ፍርድ ደግሞ በ1973 ነው። ካርቱም ሁለቱንም ቀድማ ነበር።

ፍርዱ ከተገፋ በኋላ

በወቅቱ በጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አል ማሕዲ ይመራ የነበረው መንግሥት ፍርዱን ገላጭ እንጂ አስገዳጅ አይደለም ብሎ ገፋው። ቱራቢ የጉባኤውን ሥልጣን የሚደግፍ ጽሑፍ በ1967 አሳተሙ። የሪፐብሊካን ወንድሞች መሪ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ ኮሚኒስት ሳይሆኑ ተቃወሟቸው። ዋናው ዳኛ ባቢከር አወደላ ደግሞ በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። ሰውየው የሱዳን ነፃነት በዲሴምበር 1955 ሲታወጅ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ሕግ ሲወጣም ሕግ ሲተረጎምም ያዩ ሰው ናቸው።

ሜይ 25 ቀን 1969 ኮሎኔል ጃዕፈር ኒሜሪ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ጉባኤውም ፓርቲዎቹም በአንድ ትእዛዝ ፈረሱ። ከአራት ዓመት በፊት ፓርቲን በሕግ ማፍረስ ይቻላል ያሉት ሰዎች «ይህ ሕገ ወጥ ነው» የሚሉበት ፍርድ ቤት አልቀረላቸውም፤ ቃሉን ራሳቸው አርክሰውታል። አዝሃሪ ታስረው ቆይተው በዚያው ዓመት ኦገስት አረፉ። መፈንቅለ መንግሥቱን ችኮላው ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ የደቡቡ ጦርነትና የጥምር መንግሥታቱ መፈራረስ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የመጣውን ኃይል የሚያቆመው አጥር አስቀድሞ ተነቅሏል።

ተቃዋሚዎቹም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደሉም። ባቢከር አወደላ የኒሜሪ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ጋራንግ ሚኒስትር ሆኑ። በ1965 «በሥርዓቱ ይሁን» ያለው ወገን በ1969 ሥርዓት የሌለው ሥልጣን ሲመጣ እጁን ዘረጋ። በጁላይ 1971 የከሸፈውን መፈንቅለ መንግሥት ተከትሎ ጋራንግና የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አብዱል ኻሊቅ ማሕጁብ ተሰቀሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የሚለቅም አልተረፈም።

ከኦምዱርማን እስከ አዲስ አበባ

የተቃዋሚ እምቢታ አንዳንዴ ወዲያው ፍሬ ያፈራል። በዲሴምበር 2009 ኦምዱርማን ባለው ፓርላማ የደቡብ ሱዳን ሪፈረንደም ሕግ ሲቀርብ፣ ገዢው ፓርቲ በሰሜን የሚኖሩ ደቡባውያን ስለሚመርጡበት ሁኔታ ከደቡቡ ወገን ጋር የተስማማበትን ድንጋጌ ለወጠው። የደቡብ እንደራሴዎች አዳራሹን ጥለው ወጡ። በሳምንቱ ሕጉ በቀድሞው ቃል ተመልሶ ጸደቀ። ከ1965 ልዩነቱ የንግግሩ ብርታት አይደለም። ከ2009ኞቹ ጀርባ የ2005ቱ የሰላም ስምምነትና የራሳቸው ጦር ነበር። የ1965ኞቹ የያዙት ቃለ ጉባኤና አንድ ዳኛ ብቻ ነበር።

የኢትዮጵያ አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ2010ሩ ምርጫ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ነበር፤ ግርማ ሰይፉ። በማርች 2018 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ ደግሞ ሁሉም ወንበር በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ በነበረበት ምክር ቤት 88 አባላት ተቃወሙ። በመጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በታች መሆኑ ሲታይ፣ አኃዙ ታርሞ እንደገና ተገለጸ። ክርክሩ ስለ አዋጁ ይዘት መሆኑ ቀርቶ ስለ ቆጠራው ሆነ። ያንን ክርክር የሚቻል ያደረገው 88ቱ እጃቸውን በአደባባይ ማውጣታቸው ነው።

ማጠቃለያ

የሕግ ረቂቅ ለሁለተኛ ንባብ የሚያድርበት ሌሊት፣ ወደ ቋሚ ኮሚቴ የሚመራበት ሳምንት፣ አስረጅ የሚጠራበት ስብሰባ ሁሉ ለቸኮለ ሰው የቢሮ ሥርዓት ብቻ ይመስላሉ። የካርቱም ታሪክ እንደሚያሳየው ግን እነዚህ የጊዜ መቆያዎች የተሠሩት ከፍተኛ ድምፅ ላለው ወገን ጭምር ነው፤ ነገ ድምፁ ሲያንስ የሚይዘው እነሱን ነውና። ተቃዋሚው «ጊዜ ይሰጠን» ሲል የሚጠይቀው ለራሱ ብቻ አይደለም። በ1965 ያልተሰጠው ጊዜ ዋጋ በ1969 በጉባኤው ወንበር ሁሉ ተቆረጠ፤ ያን ቀን በሩ የተዘጋው በስምንቱ ላይ ብቻ አልነበረም።