የሞላ ሜዳና የጎደለ ካዝና፤ የሲልቨርስቶን እሽቅድምድም የገንዘብ ታሪክ

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ጁላይ 11 ቀን 2017 የብሪታንያ የእሽቅድምድም ነጂዎች ክበብ ለሰሚው እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር አስታወቀ። ክበቡ በባለቤትነት በያዘው በሲልቨርስቶን ሜዳ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ የመኪና እሽቅድምድም በአንድ እሑድ ብቻ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ተመልካች ይሰበስባል፤ በዓለም ዙሪያም በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በቴሌቪዥን ይከታተለዋል። ይሁንና ክበቡ በ2015 2.8 ሚሊዮን፣ በ2016 ደግሞ 4.8 ሚሊዮን ፓውንድ መክሰሩን ገልጦ፣ ከውሉ ለመውጣት መወሰኑን ተናገረ። ሜዳው በሕዝብ ሞልቶ ሳለ ካዝናው እንዴት ጎደለ? መልሱ የሚገኘው ከመሮጫው ላይ ሳይሆን ከውሉ ወረቀት ላይ ነው። ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ ለመረዳት ግን ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቦምብ ጣዮች ጣቢያ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ

ሲልቨርስቶን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጣቢያ ነበር። ሰላም ሲወርድ የንጉሣዊው አውቶሞቢል ክበብ ባዶውን ጣቢያ ተከራይቶ፣ በኦክቶበር 1948 በአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎቹና በዙሪያቸው በሚያልፈው መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ግራንድ ፕሪ አካሄደ። ሜይ 13 ቀን 1950 ደግሞ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ውድድር ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ በተገኙበት በዚሁ ስፍራ ተደረገ፤ አሸናፊውም የአልፋ ሮሜዮ ነጂ ኢጣሊያዊው ጁሴፔ ፋሪና ሆነ።

በ1952 የኪራዩን ውል የብሪታንያ የእሽቅድምድም ነጂዎች ክበብ ተረከበ። ይህ ክበብ በ1928 የተመሠረተ የባለሙያዎች ማኅበር እንጂ የንግድ ኩባንያ አልነበረም። በ1971 መሬቱን ገዝቶ የራሱ አደረገው። ግራንድ ፕሪው በመጀመሪያ ከኤንትሪ፣ ኋላም ከብራንድስ ሃች ጋር በመፈራረቅ ሲካሄድ ቆይቶ፣ ከ1987 ጀምሮ ለሲልቨርስቶን ብቻ ሆነ። በዚያን ጊዜ ይህ እንደ ታላቅ ድል ተቆጥሮ ነበር። የድሉ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ የታወቀው ግን ውሎ አድሮ ነው።

ገቢውና ወጪው የተለያዩበት ዘመን

በቀድሞው ሥርዓት የውድድር አዘጋጅ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር ለየብቻ ተደራድሮ የመሳተፊያ ገንዘብ ይከፍል ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት የብራባም ቡድን ባለቤት በርኒ ኤክልስተን የቡድኖቹን ድምፅ በአንድነት አስተባብሮ በእነርሱ ስም መደራደር ጀመረ። ከዚህ በኋላ አዘጋጁ በተናጠል ቡድኖች ፊት ሳይሆን በአንድ ጠንካራ ሻጭ ፊት ቆመ። የቴሌቪዥን ገቢ እየጨመረ በሄደ ቁጥርም የማሰራጨቱ መብት በማእከል ተይዞ ቀረ። በመሮጫው ዳር የሚለጠፈው ማስታወቂያና የባለጸጎች መስተንግዶ ገቢም በአብዛኛው ወደዚያው ዞረ። ለሜዳው ባለቤት የተረፈለት ዋናው ነገር የመግቢያ ቲኬት ነው። ድግሱን ደግሶ፣ ዳሱን ጥሎ፣ አጥሩንና መንገዱን ጠግኖ፣ በላዩም ለሙሽራው የሚከፍል ደጋሽ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሸክም በሌሎች አገሮች የሚታየው በሌላ ዓይን ነው። በ2004 ባሕሬንና ቻይና፣ በ2008 ሲንጋፖር፣ በ2009 አቡዳቢ ወደ ውድድሩ ሲገቡ ከጀርባቸው የቆመው የመንግሥት ገንዘብ ነበር። ለእነርሱ ክፍያው የአገር ስም ማስተዋወቂያና የቱሪስት መሳቢያ ወጪ በመሆኑ፣ በቲኬት ሽያጭ መመለሱ ግድ አልነበረም። ሲልቨርስቶን ግን ዕዳውን ከተመልካች ኪስ ለቅሞ መክፈል ነበረበት። ዋጋውን ለመወሰን የቀረቡት ገበያተኞች መንግሥታት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር እንዲፎካከር የተጠየቀው አንድ ማኅበር ነው።

የከሸፉት ወራሾች

ይህን እያዩ ውድድሩን ለመውረስ የተነሡ አልጠፉም። በ1999 የብራንድስ ሃች ባለቤቶች ከ2002 ጀምሮ ግራንድ ፕሪውን የማዘጋጀት መብት አገኙ፤ ኩባንያቸውም ወዲያው ኦክታገን ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። ሜዳውን ለማስፋፋት የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይገኝ ስለ ቀረ፣ ኦክታገን ተመልሶ ሲልቨርስቶንን ለመከራየት ተገደደ። በ2004ም ኪሳራው ስለ በረታበት ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ ከግዴታው ወጣ። በዚያው ዓመት መኸር የብሪታንያ ስም ከሚቀጥለው ዓመት ጊዜያዊ መርሐ ግብር ላይ ታጣ፤ በዲሴምበር እስከ 2009 የሚቆይ ውል ተፈርሞ ውድድሩ ለጥቂት ተረፈ።

የአዘጋጁ ገቢ በቲኬት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ የ2000 ፋሲካ አሳይቶ ነበር። ውድድሩ ከተለመደው የበጋ ወቅት ወደ ኤፕሪል ተዛውሮ ሳለ ዝናብ ወረደ፤ የመኪና ማቆሚያው መስክ ጭቃ ሆነ፤ በቅዳሜው ዕለት ቲኬት የገዛው ሕዝብ እንዳይመጣ እስከ መለመን ተደረሰ። የአንድ ሳምንት ደመና የአንድ ዓመት ሒሳብ ሊያበላሽ የሚችልበት ንግድ ነው።

ከሁሉ የከፋው የዶኒንግተን ታሪክ ነው። በጁላይ 2008፣ የዚያው ዓመት ውድድር በሲልቨርስቶን ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከ2010 ጀምሮ ለ17 ዓመት መብቱ ለዶኒንግተን ፓርክ መሰጠቱ ተነገረ። ዕቅዱ የተመሠረተው የወደፊት መቀመጫዎችን ለብዙ ዓመት አስቀድሞ በመሸጥ በሚገኝ ገንዘብ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። የሚያስፈልገው 135 ሚሊዮን ፓውንድ እስከ ኦክቶበር 2009 ሊገኝ ስላልቻለ ዕቅዱ ፈረሰ። ለግንባታው የተቆፈረው አሮጌ መሮጫም ቆሳስሎ ቀረ።

አምስት በመቶ

ዲሴምበር 7 ቀን 2009 ሲልቨርስቶን ራሱ የ17 ዓመት ውል ፈረመ። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 11.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በየዓመቱም 5 በመቶ ይጨምራል። አምስት በመቶ ለሰሚው ቀላል ነው፤ ለሒሳብ ሰው ግን አይደለም። ጭማሪው በጭማሪ ላይ ስለሚደራረብ በ2017 ክፍያው 16.2 ሚሊዮን ደረሰ፤ በውሉ መጨረሻ ዓመት በ2026 ደግሞ 25 ሚሊዮን ያህል ሊሆን ነበር። ክፍያው ከእጥፍ በላይ ሲያድግ፣ የሜዳው ስፋትና የተመልካቹ ኪስ በእጥፍ አያድግም።

ውሉን ለማክበር ክበቡ ብዙ መሥዋዕት ከፍሏል። በ2011 27 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀ አዲስ የቡድኖች ሕንፃ አስመረቀ። በ2013 በመሮጫው ዙሪያ ያለውን የልማት መሬት በ32 ሚሊዮን ፓውንድ ለ999 ዓመት በሊዝ ሰጠ፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ለዕዳ መክፈያ ዋለ። ከርስቱ ላይ እየቆረሱ እንግዳ ማስተናገድ እስከ መቼ ይዘልቃል? በ2017 የክበቡ መሪዎች በውሉ ውስጥ የተቀመጠውን የመውጫ አንቀጽ ተጠቅመው ከ2019 ውድድር በኋላ እንደማይቀጥሉ ያስታወቁት ይህን ጠይቀው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር የሠራላቸው፣ አስቀድመው በውሉ ውስጥ በር በመተዋቸው ነው።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የፎርሙላ ዋን ባለቤትነት ወደ አሜሪካው ሊበርቲ ሚዲያ ተዛውሮ፣ ኤክልስተንም ከሥልጣኑ ተነሥቶ ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች የሻምፒዮናውን የትውልድ ሜዳ ማጣት ለራሳቸው ስምም ጉዳት መሆኑን ስላላጡት፣ ከረጅም ድርድር በኋላ በጁላይ 2019 እስከ 2024 የሚደርስ አዲስ ውል ተፈረመ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሁለት ውድድሮች ያለ ተመልካች ተካሄዱ። በ2023 ግን በአራት ቀን 480 ሺህ ሰው ወደ ሜዳው ጎረፈ፤ በፌብሩዋሪ 2024ም ውሉ እስከ 2034 ተራዘመ።

ከታሪኩ የሚቀረው

እንግዲህ የሲልቨርስቶን ችግር የሰው ማነስ ወይም የሥራ ድክመት አልነበረም። የውድድሩ ጥቅም ለሆቴሉ፣ ለባቡሩ፣ ለቴሌቪዥኑና ለአገሪቱ የእሽቅድምድም ኢንዱስትሪ ሲከፋፈል፣ ወጪው በአንድ ማኅበር መዝገብ ላይ መጻፉ ነው። የብዙዎች በረከት የአንድ ሰው ዕዳ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ይኸው ሒሳብ ይደገማል፤ ጉባኤ ወይም ኤግዚቢሽን ያስተናገደ ማኅበርም ያውቀዋል። በብድርና በተስፋ የገቡት ወራሾች ሲወድቁ ክበቡ የቆመው መሬቱ የራሱ ስለ ነበረና፣ ክብር የሚያሰጠውን ነገር ከነዋጋው መዝኖ «በዚህ ዋጋ አይሆንም» ለማለት በመጨረሻ ስለ ደፈረ ነው። ያን ቃል በ2009 ፊርማው ሳይደርቅ በፊት ብሎት ቢሆን ኖሮ፣ የ999 ዓመቱ መሬት ምናልባት ዛሬም በእጁ በሆነ ነበር።